ቆሞ የሚሮጥ ሞተር

ሰኞ፣ የካቲት 3
ዛሬም የመኪና መንዳት ተማሪዎቼ ፍሪሲዮን ላይ ተኝተው ዋሉ። አንዷ ተማሪዬ፣ ጡረታ የወጡት ነርስ፣ ዳገቱ ላይ መኪናውን ባጠፉት ቁጥር መኪናውን ይቅርታ ይጠይቁታል። እኔንስ ማን ይጠይቀኝ! ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ጠቅ ጠቅ የሚል ነገር ሰማሁ። ሲሞቅ ጠፋ። ብርዱ ይሆናል...

ሐሙስ፣ የካቲት 6
ጠቅታው አለ። ለወንድሜ ደወልኩ። ፕሮፌሰር የምለው የማያውቀው ነገር ስለሌለ ነው። ሞተሩ አርጅቷል፣ ወፍራም ዘይት ጨምሪበት አለኝ። ጨመርኩ። ዝም አለ። እውነትም ፕሮፌሰር ነው እንዴ?

ረቡዕ፣ የካቲት 12
እግረኛ ለማሳለፍ ቆመን ሳለ ቀዩ የዘይት መብራት ብልጭ ድርግም አለ። መሪውን የያዘችው ተማሪዬ ምንድነው ብላ ጠየቀችኝ። ምንም አይደል አልኳት፤ እኔ ግን ክው ብያለሁ። ይሄ መኪና ከሄደ ምን ይቀረኛል? የቢሮ ሥራዬን ጥዬ የወጣሁት እሱን ተማምኜ ነው። አለቃዬ ስሰናበተው ከከፋሽ ተመለሽ ብሎ ፈገግ ብሏል። ያቺን ፈገግታ ሁለተኛ ማየት አልፈልግም።

ዓርብ፣ የካቲት 14
ጋራዥ ሄድኩ። ሜካኒኩ የድሮ ተማሪዬ ነው። መኪና ፈትቶ ይገጥማል፣ ወደኋላ ማቆም ግን አቅቶት ፈተና የወደቀ ሰው። ዛሬ የማስተማር ተራው የእሱ ነበር።

የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትቶ ገልብጦ አሳየኝ። የጫማ ቀለም የመሰለ ጥቁር ነገር ተለጥፎበታል። ዘይት መቼ ቀየርሽ አለኝ። ኪሎሜትሩ ገና አልደረሰም አልኩት፣ ኮራ ብዬ። ሳቀብኝ።

"ቲቸር፣ ይሄ መኪና መቼ ሄዶ ያውቃል? ቆሞ እኮ ነው የሚሮጠው።"

እውነቱን ነው። ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፤ ጎማው ግን ልምምድ ሜዳው ውስጥ ሲንፏቀቅ ይውላል። ቆጣሪው የሚያውቀው ጎማውን ብቻ። ዘይቱ እዚያው ሲበስል ውሎ፣ አርጅቶ ዝቃጭ ሆኗል። ወፍራሙ ዘይት ድምፁን አፈነው እንጂ አላዳነውም። ጭራሽ ዝቃጩ ባጠበበው መተላለፊያ ማለፍ አቃተው። እንዴት ይሄ አልታየኝም?

ሰኞ ከታች ይከፍተዋል። ዘይት አጥቶ ብረት ለብረት ተበላልቶ ከሆነ ሞተሩ አለቀለት አለኝ። አልሸፋፈነልኝም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15
ተማሪዎቼን ሁሉ ሰረዝኩ። ልብስ አጠብኩ። የታጠበውንም አጠብኩ።

ሰኞ፣ የካቲት 17
ተርፏል። ተመስገን።

ዘይቱ የሚጠራቀምበትን ኮፓ ሲያወርደው በማንኪያ የሚዛቅ ዝቃጭ ነበር። ዘይቱ የሚመጠጥበት ወንፊት ግማሹ ተደፍኗል... ግማሹ ግን ክፍት! ዝቃጩን በጣቶቹ አሽቶ ወደ ብርሃን አወጣው። የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ፈለገ፣ አጣ።

"ብረቱ አልተነካም" አለኝ።

እዚያው አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ምስኪን፣ የሚያደርገው ጠፍቶት መፍቻ ይፈልግ ጀመር። መፍቻው በእጁ ነበር።

ሁሉንም በአንዴ ጠራርጎ የሚያወጣ መድኃኒት ጨምርበት ስለው እምቢ አለ። ተቆርሶ የሚወርደው ዝቃጭ ወንፊቱን መልሶ ይደፍነዋል። በእጁ አጥቦ፣ ፊልትሮ ቀይሮ፣ የመኪናው መመሪያ የሚያዘውን ቀጭን ዘይት ሞላበት። ይሄኛው ቶሎ ይቀየራል፤ የቀረውን ቀስ እያለ ያጥባል። ከዚያ በኋላ በኪሎሜትር ሳይሆን በወር።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18
ፕሮፌሰር ደወለ። ሁሉንም ነገርኩት። እኔም እንደዚያ ነበር ያልኩት አለ። ይሁንለት። ዛሬ ከማንም ጋር አልጣላም።

ሰኞ፣ መጋቢት 15
ዘይቱ በድጋሚ ተቀየረ። ጠቆር ብሎ ወጣ፣ ግን እንደ ዘይት ፈሰሰ። ሜካኒኩ ክዳኑን ገልጦ አየና ራሱን ነቀነቀልኝ፣ መልካም ነው ለማለት።

ከሰዓት ከነርሷ ጋር ወጣን። መብራት የለ፣ ጠቅታ የለ። ለካ ይሄን ሁሉ ጊዜ የማዳምጠው ሞተሩን ብቻ ኖሯል! እሳቸው እያወሩ ነው። የባለቤታቸው ዓይን ደክሟል፤ ከእንግዲህ መሪውን የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ለዚህ ነው በዚህ ዕድሜ የሚማሩት።

"እስከ ዛሬ አልነገሩኝም እኮ" አልኳቸው።

"ነግሬሻለሁ ልጄ። ሁለቴ።"

አፈርኩ። ዳር እንዲይዙ አደረግኩና ሞተሩን አስጠፋኋቸው። ከዚያ ከመጀመሪያው እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው።