የቢሮ ሰዓት እስኪያልቅ

ወንድምዓለም ኤሊሴዮ፣

እንደምን ሰነበትክ? በጣሙን እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? እግርህስ፣ ያ አዲሱ ቡት የላጠህ ቁስል ደረቀልህ? እንቅልፍስ ትጠግባለህ? ምግቡስ ይበላል ወይስ ዓይንህን ጨፍነህ ነው የምትውጠው? ሲጮህ ይውላል ያልከው አሠልጣኝህስ፣ ጉሮሮው እስካሁን አልተዘጋም? ጸጉሬን ሙልጭ አድርገው ላጩኝ ብለህ ከጻፍክ ወዲህ እማዬ «ልጄን ጆሮውን በረደው» እያለች አላስቀመጠችንም። እኔ ደግሞ፣ ይቅር በለኝና፣ ያ አጎታችን ቼማ የሚተርብህ ትልቅ ጆሮህ አሁን አደባባይ ወጣ ብዬ ሳቅሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነን።

ደብዳቤህ ደርሶናል። የወታደር ሥልጠና ላይ ስልክ ተከልክላችሁ ደብዳቤ መጻጻፍ የድሮ ሰዎች ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰው የፖስታ ሳጥን ሲከፍት ልቡ ድው ድው ይላል። ግን እስቲ አሁን አራት መስመር ደብዳቤ ተብሎ ይላካል? እማዬ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች፤ ወተት ልታወጣ በሄደች ቁጥር «ደህና ነኝ ይላል» እያለች ለራሷ ትነግራለች። እኔን ግን የመጨረሻዋ መስመር ሆዴ ውስጥ ቀርታለች። «አንቺ በርቺ፤ እኔ እንደሆነ ለትምህርት አልተፈጠርኩም» ያልካት። ይህን ሁሉ የምሞነጫጭረው ለእሷ መልስ ለመስጠት ስለሆነ፣ ረዘመ ብለህ ሳትጨርስ እንዳታጥፈው።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። የብርቱካኑ ለቀማ ስለተጀመረ አባዬ ከጭነት መኪናው አይወርድም። ማታ ሲገባ ቤቱ ሁሉ ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል። እማዬም ማሸጊያው ቤት ተመልሳለች፤ አዲሷ ኃላፊ ወሬ አታስወራንም ብላ ታማርራለች። የሰሜኑ ነፋስ ባለፈው ሳምንት መጥቶ ያንን ሙቀት ገፋልን። ቻቶ ውሻህ ጫማህን ከአልጋህ ሥር ጎትቶ አውጥቶ እላዩ ላይ ነው የሚተኛው፤ ልቀማው ስል ጥርሱን ያሳየኛል። አጎታችን ቼማ እሑድ እሑድ ባርባኮዋውን ይዞ ይመጣል። እንደምታውቀው ከሥጋው ወሬው ይበዛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዘንድሮ ከሃይስኩላችን ተመርጠን ኮሌጅ ሄደን ከምንማረው ልጆች አንዷ እኔ ነኝ። አንዱ ትምህርት ለሁለቱም ይቆጠርልናል፣ ለሃይስኩሉም ለኮሌጁም። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ቢጫው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ወስዶ ኮሌጁ በር ላይ ያራግፈናል። ትልልቆቹ ተማሪዎች ስንወርድ እያዩ «ቢጫዎቹ መጡ! ጡጦ ይዛችኋል?» ይሉናል። እኔም «ላንተ የሚተርፍ አልያዝንም» ብዬ አልፋለሁ። አፌን እንኳን አንተ ታውቀዋለህ። ግን ውስጤ ይፈራ ነበር። ካለፍኩ የእንስሳት ሐኪም ለመሆን መንገዱን ከአሁኑ ጀመርኩት ማለት ነው። ከወደቅሁ ደግሞ ውጤቱ ከኮሌጁ መዝገብ አይፋቅም፣ እኔም ከአውቶቡሱ እወርዳለሁ።

የአልጀብራ አስተማሪዬ ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ዶክተር ቴልፎርድ! ያንተው ዶክተር ቴልፎርድ፣ አንተም አልጀብራ የወደቅህባቸው። ስማቸውን ሳይ አመድ ሆንኩ። ያን ጊዜ እራት ላይ የነገርከን ትዝ አለኝ፤ «ሰውዬው ክፉ አይደሉም፣ ግን ሰው አይፈልጉም። በራቸው ላይ 'የቢሮ ሰዓት' ብለው ለጥፈው ቁጭ ብለው ሥራቸውን ይሠራሉ። ማን ደፍሮ ይገባል?» ብለኸን ነበር። አባዬም «ደግ አደረግህ፣ ሰው ሥራ ላይ ሲሆን አይረበሽም» አለህ። እኔም ያንን ይዤ ሄድኩ። ደግሞስ እኛ ሃይስኩል ቢሮ የሚገባው ያጠፋ ልጅ አይደል? ስለዚህ ያልገባኝን ሁሉ እየዋጥኩ ዝም አልኩ።

የመጀመሪያው ፈተና መጣና ወደቅሁ። ለጥቂት እንዳይመስልህ፤ ተንኮታኩቼ ነው የወደቅሁት። የሃይስኩሉ አማካሪያችን ሚስስ ቦትዮ ጠሩኝና፣ ሁለተኛውም እንዲሁ ከሆነ ሳይረፍድ ከኮርሱ ማውጣት ይሻላል አሉኝ። እሑድ ዕለት ለቤተሰቡ ስነግር አጎቴ ቼማ የቶርቲያ ቂጣውን እየጠቀለለ «ተይው የኔ ልጅ፣ የእኛ የካንቱ ዘር ጭንቅላት ኮፍያ መስቀያ ነው እንጂ ቁጥር አይገባውም። ወንድምሽን አላየሽም?» አለ። ሁሉም ሳቁ። አባዬም ሳይቀር ፈገግ አለ። እኔ ግን ያንተ ስም ሲነሳ ንድድ ብሎኝ ወጥቼ ቻቶ አጠገብ ተቀመጥኩ። ያልሳቀችው እማዬ ብቻ ነበረች።

በሠልስቱ ማክሰኞ እማዬ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ፣ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ፣ የዱባ ኤምፓናዳ ጋግራ በፎጣ ጠቅልላ ከትምህርት ቤት መጥታ ወሰደችኝ። «ሰውዬውን በሰው ወግ አነጋግራቸዋለሁ» አለች። ኮሌጁ መግቢያ ላይ ያለችው ልጅ፣ ልጅዎ እዚህ የኮሌጅ ተማሪ ስለሆነች ያለ ፈቃዷ ስለ ውጤቷ ለማንም አንናገርም ስትላት፣ ጉድ ፈላ! «ማንም? እኔ ነኝ ማንም? አምጬ የወለድኳት እኮ ነኝ! ይቺውና አጠገቤ ተገትራለች፤ ሚሬያ፣ ፍቀጂልኝ በያት!» አለች። ልጅቷ ሳቋ መጣና፣ አስተማሪውን ራሳቸውን አነጋግሩ ብላ ደረጃውን አሳየችን።

ወጣን። በሩ ላይ ያ ያልከው ወረቀት አለ፤ «የቢሮ ሰዓት፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከስምንት እስከ አሥር»። ስምንት ሰዓት ገና ማለፉ ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ተከፍቷል፤ ሰውዬው ጠረጴዛቸው ላይ ይታያሉ። እማዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሥራ ላይ ናቸው፤ እስኪጨርሱ እንጠብቃለን» አለች። ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ኤምፓናዳው ጭኗ ላይ ነው። እግሬን ሳወዛውዝ ጉልበቴን መታችኝ፤ ስስል ቆነጠጠችኝ። ሰውዬው አንዴ ፖም ይበላሉ፣ አንዴ በመስኮት ያያሉ። እማዬ «ምስኪን፣ ሥራ በዝቶባቸዋል» አለች። መሐል ላይ ውሃ ሊቀዱ ወጥተው ሁለታችንም ብድግ ስንል «ሰው እየጠበቃችሁ ነው?» ብለው ጠየቁን። እማዬ በትሕትና «አዎን ጌታዬ» አለቻቸው። እሳቸውም እሺ ብለው ተመልሰው ገቡ።

አሥር ሰዓት ሲሆን መብራቱን አጥፍተው ቦርሳቸውን ይዘው ወጡና ቆለፉ። እማዬ ተነስታ «እንግዲህ ሥራዎን ከጨረሱ፣ ዶክተር፣ አንድ ጊዜ እናናግርዎ?» አለች። ሰውዬው ክው አሉ። «እኔን ኖሯል የምትጠብቁት? ታዲያ ለምን አልገባችሁም?» አሉ። «በሥራ ሰዓትዎ? እንዴት ተደርጎ!» አለች እማዬ። በሩ ላይ ያለውን ወረቀት አዩት፣ እኛን አዩን። ከዚያ በቀስታ «እመቤቴ፣ ይህ ሰዓት እኮ የተማሪ ነው። በዚህ ሰዓት ሌላ ሥራ የለኝም። የቸገረው ተማሪ ይመጣ ይሆናል ብዬ በር ከፍቼ ነው የምቀመጠው» አሉ። ወንድሜ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ያን ሁሉ ሰዓት ሰውዬው እኛን እየጠበቁ፣ እኛ እሳቸውን እየጠበቅን!

በሩን መልሰው እየከፈቱ ስሜን ጠየቁኝ። ሚሬያ ካንቱ ስላቸው ቁልፉን እንደያዙ ቀጥ አሉ። «ካንቱ… ኤሊሴዮ ካንቱ የሚባል ልጅ ነበረኝ። ረጅም፣ አረንጓዴ ኮፍያ የሚያደርግ። ማክሰኞ ማክሰኞ እዚችው አግዳሚ ላይ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ይቀመጥ ነበር። ልሄድ ስወጣ ብድግ ይልና 'ደህና ይዋሉ' ይለኛል። ሴት ልጅ የሚጠብቅ ነበር የመሰለኝ» አሉ።

እማዬ ዞር ብላ አግዳሚውን አየችው፣ ከዚያ ቀስ ብላ ተመልሳ ተቀመጠችበት። እኔ ነኝ «ወንድሜ ነው፤ እርስዎን ነበር የሚጠብቀው» ያልኳቸው። ሰውዬው ቦርሳቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው አጠገቧ ተቀመጡ። ኤምፓናዳውን የሰጠቻቸው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ቢሮ አስገብተው ፈተናዬን ሲያዩልኝ ስህተቴ ምን ሆኖ እንደተገኘ ላውራህ። ቅንፍ ፊት ያለውን መቀነሻ ለመጀመሪያው ቁጥር ብቻ እሰጥና ሌላውን እረሳዋለሁ። ይኸው ነው፤ ፈተናዬን ሁሉ ያበላሸው እሱ ነው። እንዲህ አድርገህ ያስጠናኸኝ ደግሞ አንተ ነህ! ስህተትህን ከነቅንፉ አወረስከኝ። ዶክተር ቴልፎርድ ይህን ስነግራቸው ሳቁና፣ ወዲያው ሳቃቸውን ተዉት። «እሱንም አንድ ከሰዓት ይበቃው ነበር» አሉ።

ስንመለስ እማዬ መኪናውን እየነዳች የእኛን መታጠፊያ አልፋው ሄደች። ጥጥ መዳመጫው ጋ ስትደርስ ዳር ይዛ አቆመችና «ሰው ሲሠራ አትረብሽ ብዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ» ብላ አለቀሰች። አንጀቴን በላችኝ። አይዞሽ አልኳት። ማታ ለአባዬ ስንነግረው ኮፍያውን አውልቆ ሲያሻሸው ቆየ። በመጨረሻ «ታዲያ ልጄ ሰነፍ አልነበረማ» አለና የመኪናውን ጎማ አያለሁ ብሎ ወጣ። ብዙ ቆይቶ ነው የገባው።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ከሰዓት እየሄድኩ እገባለሁ። የሚያመላልሰኝ ማን እንደሆነ ገምት። አጎቴ ቼማ! አግዳሚው ላይ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ያንኮራፋል። ዶክተሩም በሩን ልዝጋው ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ለሌሎቹ ቢጫዎችም ነግሬያቸው፣ ለካ ሁሉም እንደኛ ነው ያሰቡት፤ አሁን ወንበር አይበቃንም። ሁለተኛውን ፈተና አለፍኩ። በጥሩ ውጤት ባልልህም አልፌያለሁ፤ አውቶቡሱ ላይም አለሁ። የመጨረሻው ፈተና ገና ስለሆነ የጓዳሉፔዋን እመቤታችንን ለምንልኝ።

እንግዲህ ወንድምዓለም፣ ያቺን መስመርህን ሰርዛት። ለትምህርት አልተፈጠርኩም አትበል። አንተን የጣለህ ሒሳብ አይደለም፣ ጨዋነትህ ነው። ያን ሁሉ ማክሰኞ ብቻህን እዚያ መቀመጥህን ሳስብ ሆዴ ይባባል፤ አንድ እርምጃ ነበር እኮ የቀረህ። ወታደርነቱን ወደህ ከሆነ ደስ ይበልህ፣ እኛም እንኮራብሃለን። ግን ደደብ ነኝ ብለህ ሸሽተህ ከሆነ የሄድከው፣ የሸሸኸው የሌለ ነገር ነው። ይህን አንብበህ ስትጨርስ እንደገና አንብበው።

እማዬ ጆሮህን ሸፍን ትላለች፣ ዓይንህን ትስማለች። አባዬ ሰላም በይልኝ ብሎ ሌላ ሊጨምር ፈልጎ ነበር፣ አልወጣለትም፤ አንተ ይገባሃል። ቻቶ ጫማህን ገና አልለቀቀም። አጎቴ ቼማ «ስለ ጭንቅላቱ ያልኩትን አንስቻለሁ፤ ስለ ጆሮው ያልኩት ግን ይጸናል» ብሏል። ዶክተር ቴልፎርድም እንደምጽፍልህ ስነግራቸው ሰላም ብለውሃል። ተመርቀህ ለዕረፍት ስትመጣ አንድ ማክሰኞ ብቅ እንድትል ይፈልጋሉ። ልወጣ ስል ደግሞ መልሰው ጠሩኝና «ንገሪው፤ ሲመጣ አግዳሚው ላይ እንዳይቀመጥ» አሉኝ።

እህትህ ሚሬያ
ኤል ሜስኪቴ፣ ቴክሳስ
ኖቬምበር 12 ቀን 2023