ዴዝሞንድ ፐርቲል አልተሸጋገረም

ይድረስ ለክቡር ሚስተር ክሬግ ዳንስታን፣
በኬልፕ ፖይንት የአረጋውያን መኖሪያ የነዋሪዎች ተሞክሮ ዋና ኃላፊ፣
በርኒ፣ ታዝማኒያ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎና ባለቤትዎ ይህን ክረምት ያለ ጉንፋን እንዳሳለፋችሁት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። በየጠዋቱ «ዛሬስ እንዴት ነን?» ብለው የሚጠይቁኝ ሠራተኞችዎ ከማን ጋር ደምረው «ነን» እንደሚሉኝ ግን እስካሁን አልገባኝም።

ስሜ ኖላ ሃብጉድ ነው፤ ዕድሜዬ ሰማንያ ሦስት፣ ክፍሌ ቁጥር አሥራ አራት። በዚሁ ከተማ ጋዜጣ ሠላሳ አንድ ዓመት በአራሚነት ስላገለገልኩ፣ ይህን ደብዳቤ እንዲያወጡልኝ ስለምናቸው የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ሰዎች እምቢ አላሉኝም። ለእርስዎ በቀጥታ የላክኋቸው አራት ደብዳቤዎች «ድምፅዎ ተሰምቷል» የሚል አንድ ዓይነት መልስ ስላስገኙልኝ፣ አምስተኛውን ሌላ ሰውም ቢሰማው ክፋት የለውም ብዬ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት የዳሌ አጥንቴ ተሰብሮ ወደ እናንተ ስመጣ የሰጣችሁኝን ረጅም «የአጋርነት ስምምነት» እንደ ልማዴ እርሳስ ይዤ አነበብኩት። ሁለት የፊደል ግድፈትና አንድ ያለ ቦታው የገባ ነጠላ ሰረዝ አርሜ ፈረምኩ። ዘጠነኛው ገጽ ላይ «የተደገፈ እንቅስቃሴ» የሚል ሐረግ ነበር፤ ክንዴን ይዞ የሚያራምደኝ ሰው ይመደብልኛል ማለት መስሎኝ ደስ አለኝ። ለካስ የውጭው በር በኮድ ተቆልፎ ይውላል፣ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ማንም አይወጣም ማለት ኖሯል። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ስህተት ስለቅም የኖርኩት ሴትዮ፣ ነጠላ ሰረዙን አይቼ ቁልፉን ሳላይ ገባሁ። ስለዚህ በእርስዎ አልፈርድም፤ ስም ለውጦ መቆለፍም አንድ ጥበብ ነው።

አቤቱታዬን በቁጥር ላቅርብ።

1ኛ/ ሻይ ላመጣልኝ ሰው «አመሰግናለሁ» ስል «ችግር የለም» እባላለሁ። ሻይ መጠጣቴ ችግር ሊያስነሳ ይችል እንደነበር አላውቅም ነበር፤ በሰላም ስላለፈልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

2ኛ/ ሳምንታዊው ማስታወቂያችሁ «ጥያቄ ያለው እጁን ይዘርጋልን» ይላል። በእኔ ዘመን እጁን የሚዘረጋ ለማኝ ነበር። ቅር ብሎኝ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ግን ቃሉን በትክክል እንደመረጣችሁት ገባኝ።

3ኛ/ በዚህ ቤት ሁሉም ነገር ጉዞ ነው። ምሳ የጣዕም ጉዞ፣ ገላ መታጠብ የንጽሕና ጉዞ፣ ኪኒን መዋጥ የጤና ጉዞ። ጉዞ ያልተባለው በበሩ ወጥቶ መሄድ ብቻ ነው።

4ኛ/ ይህኛው ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ።

ዴዝሞንድ ፐርቲል የክፍል አሥራ ዘጠኝ ነዋሪ ነበር፤ ትልልቅ መርከቦችን እየመራ ወደ ወደባችን ሲያስገባ የኖረ ሰው ነው። ሁልጊዜ ከቁርስ በኋላ መስኮቱ ሥር ተቀምጠን የጋዜጣውን መስቀለኛ ቃላት እንሞላ ነበር፤ እኔ የአግድሙን፣ እሱ የቁልቁሉን። በዚህ ቤት ሁሉም «ውዴ» እና «የኔ ቆንጆ» ሲሉኝ፣ በስሜ ጠርቶ የሚሰድበኝ እሱ ብቻ ነበር። «ኖላ፣ አንቺኮ ሞት ራሱ ቢመጣ ደብዳቤውን አርመሽ ትመልሽዋለሽ» ይለኝ ነበር።

በሰኔ አጋማሽ ሳምባውን ታመመና ሆስፒታል ወሰዱት። በዚያው ሳምንት ሰሌዳው ላይ «የምሥራቅ ክንፍ ነዋሪዎች ወደ አዲሱ ሕንፃ ይሸጋገራሉ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር። የዴዝሞንድ ክፍል ምሥራቅ ክንፍ ውስጥ ነው።

ሰኞ ጠዋት ምርኩዜን ይዤ ወደ እንግዳ መቀበያው ሄድኩና እንዴት እንዳደረ ጠየቅሁ። አስተባባሪዋ ጃሲንታ ሞይል፣ ክፋት የሌለባት ሴት፣ እጄን ያዘችኝ።

«ዴዝ ትናንት ተሸጋግረዋል፣ ውዴ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ተመችቶታል?» አልኳት።

«አሁን ጥሩ ቦታ ላይ ናቸው።»

የአዲሱ ሕንፃ መስኮቶች ወደ ባሕር እንደሆኑ ስለማውቅ፣ መርከቦቹን ማየት ይችል እንደሆነ ጠየቅኋት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ሁሉንም ከላይ ያያሉ አለችኝ። ፎቅ ሰጡት ማለት ነው ብዬ ደስ እያለኝ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ለአንድ ሽማግሌ ክፍል መቀየር ዓይኗ እንባ የሚያቀርር ሠራተኛ ስለቀጠራችሁም በልቤ አመሰገንኳችሁ።

አዲሱ ሕንፃ ከግቢው ማዶ ስለሆነ ልጠይቀው ቅጽ ሞላሁ፤ «በሂደት ላይ ነው» ተባልኩ። እስከዚያው በየቀኑ መስቀለኛ ቃላቱን ከጋዜጣው እየቆረጥኩ፣ የእኔን ሞልቼ የእሱን ባዶ እየተውኩ፣ በፖስታ አሽጌ ለተረኛው ሰጠሁ። ተረኛው «ግሩም!» እያለ ተቀበለኝ። መልስ አልመጣም። አኮረፈ ብዬ እኔም ትንሽ አኮረፍኩ።

ሐሙስ ዕለት ሰሌዳው ላይ ፊኛዎች የተሳሉበት ወረቀት ተለጠፈ፦ «የዴዝን ሕይወት አብረን እናክብር፤ ዓርብ ስምንት ሰዓት»። ልደቱ በክረምት እንደሆነ ነግሮኝ ስለነበር ሌላ ምንም አልጠረጠርኩም። መሄድ እንደምፈልግ ብናገር ከተማ ወዳለው አዳራሽ የሚወስደው አውቶቡስ «አቅሙን ሞልቷል» አሉኝ። እዚሁ ሕንፃችን ሥር ካለችው ሱቅ ካርድ ገዝቼ እንዲህ ጻፍኩ፦ «እንኳን ተወለድክ፣ አንተ ሽማግሌ። አዲሱ ቦታ እንደተስማማህ ሰማሁ። ብቻህን አትደላደልበት፤ እኔም ቅጹን ሞልቻለሁ፣ በቅርቡ እመጣለሁ።» ካርዱን ተቀብለው አደረሱልኝ። ካርድ ለማያጠፋው የፖስታ አገልግሎታችሁ አመሰግናለሁ።

ዓርብ በእራት ሰዓት ሊቲያ ወደ ክፍሌ ገባች። ሊቲያ ከፊጂ የመጣች አስታማሚያችን ናት፤ ሳምንቱን ሙሉ እረፍት ላይ ነበረች፤ ስሟን እዚህ የጻፍኩት በፈቃዷ ነው። የዴዝሞንድ ልደት እንዴት እንደነበር ጠየቅኋት። ትሪውን አስቀምጣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እማማ ኖላ፣ ዴዝሞንድ ሞቷል» አለችኝ። «እሑድ ማታ ነው የሞተው። ዛሬ ቀበሩት።»

ሊቲያ እንግሊዝኛን የተማረችው ትምህርት ቤት ነው፤ አዲሶቹን ቃላት ገና አላስታጠቃችኋትም መሰለኝ። በአምስት ቀን ውስጥ የገባኝ የመጀመሪያው ንግግር የእሷ ነው። እጄን ይዛ ቆየች። እኔ የማስበው ስለ ካርዱ ብቻ ነበር።

ካርዱ ሬሳ ሣጥኑ ላይ ከአበባው ጋር ተቀምጦ ኖሯል። ከፍታ ያነበበችው ልጁ ሮዛሊንድ ናት። በሚቀጥለው ረቡዕ ካርዱን በእጇ ይዛ ክፍሌ ድረስ መጣች፤ ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም።

«ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ልደቱ መስሎኝ ነው» አልኳት።

ከዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለችና መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ መሐል ላይ ልቅሶ ሆነ። «አባቴ ቢያየው እስኪያመው ይስቅ ነበር» አለች። «እኔ ግን መቃብሩ ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት።» ከመሄዷ በፊት ልትወስደኝና መቃብሩን ልታሳየኝ ቃል ገባች።

ይህ ከሆነ አምስት ሳምንት አለፈው። የመውጫ ቅጹን ያን ዕለት ሞላሁ። የደረሰኝ መልስ «በሐዘን ጉዞዎ አብረንዎት እንራመዳለን» ይላል። ክቡር ሆይ፣ አብሮ ለመራመድ መጀመሪያ በሩ መከፈት አለበት። ከመመገቢያው መስኮት የመቃብሩ ኮረብታ ይታያል፤ በመኪና ስምንት ደቂቃ ቢሆን ነው። በየጠዋቱ ሻዬን ይዤ መስኮቱ ጋ እቆማለሁ። አንድ ቀን ተረኛው ወደ ወንበሬ ሊመልሰኝ መጥቶ፣ በዕይታው እየተዝናናሁ እንደሆነ ጠየቀኝ።

ጃሲንታን እንዳይቆጧት እለምናለሁ። ነገሩን ስትሰማ መጥታ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ «ሞተ» የሚለውን ቃል ለነዋሪዎች እንዳይናገሩ በሥልጠና እንደተነገራቸውም ነገረችኝ። እንዳያስደነግጠን ነው አሉ። በአሳቢነታችሁ ልቤ ተነክቷል፤ አልደነገጥኩም። አንድ ወዳጅ ነበረኝ፣ ቀብሩ ቀረብኝ እንጂ አልደነገጥኩም። ከዚህ በኋላ ሰው ሲሞት «ሞተ» በሉን። በዚህ ዕድሜያችን ቃሉን ሰምተነው እናውቃለን።

ውድ ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ደህንነቴን ከእኔ ይልቅ ስለሚያውቁልኝ፣ እንዲሁም ከማንኛውም አላስፈላጊ እውነት ስለሚጠብቁኝ፣ የሥራ መቃናትንና ረጅም ዕድሜን ከልብ እየተመኘሁልዎ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ኖላ ሃብጉድ
ክፍል አሥራ አራት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ነዋሪ አንብቦ እንዳይወጣ የበሩን ኮድ ከቁልፉ በላይ በመስታወት እንደሚታይ ገልብጣችሁ ጽፋችሁታል። እኔ ሥራ ስጀምር የማተሚያ ቤት ፊደል ከእርሳስ ብረት የተሠራና የተገለበጠ ነበር፤ ገና ሳይታተም እንዲያው ነው የምናነበው። ኮዱን ያወቅሁት በገባሁ በሦስተኛው ቀን ነው፤ እስካሁን ያልነካሁት ፈርሜያለሁ ብዬ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሮዛሊንድ መኪናዋን በሩ ፊት ታቆማለች። በሪፖርትዎ ላይ ምን ብለው እንደሚጠሩት እርስዎ ያስቡበት። እኔ «ወጣሁ» ነው የምለው።