የአባትሽ አረንጓዴ ክር

ልጄ፣ የሄድሽበት ይቅናሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ይለግማል።

አባትሽ ለቤተክርስቲያን የሚሰጠውን ብር አራት ቦታ አጥፎ በአረንጓዴ ክር ይሰፋው ነበር። «ከሰፋሁት በኋላ እጄ አያመነታም» ይል የለ፤ ልብስ ሰፊ አይደል።

ከቀበርነው ስድስት ወሩ። ትናንት የሰበካው ገንዘብ ያዥ «እማማ፣ በየሳምንቱ ስለሚሰጡን እግዜር ይስጥልን» ብሎ የተሰፋ ብር አሳየኝ። ስፌቱ የአባትሽ ነው። እኔ መርፌ እንደማልይዝ ታውቂያለሽ። ቤት ገብቼ ከቀብሩ ጀምሮ የቆለፍኩትን የእሱን መሳቢያ ብከፍት፣ ሙሉ ጥቅል የነበረው ክር ተመናምኗል።

አልፈራሁም አልልሽም። ግን እሱ ሞቶ እየሰጠ እኔ በቁሜ መሰሰቴ አሳፈረኝና፣ ዛሬ ካለኝ ከፍዬ ሰጠሁ።

እድሜሽን ያርዝመው። ለእኔ እልክልሻለሁ ያልሽኝ ልብስ ይቅርብኝ፤ አረንጓዴ ክር ላኪ። ሊያልቅበት ነው።

እናትሽ