ባዶው የጥያቄ ሣጥን እና ከደረጃው ሥር የተፈጸመው ወንጀል

ለተከበሩ የቋንቋ ማሠልጠኛችን ዳይሬክተር፦

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ድምፅዎስ? አዳራሹን ያለ ማይክራፎን የሚሞላው ያ ድምፅ አንድ ቀን እንኳ እንዳይዘጋብዎ የዘወትር ምኞቴ ነው፤ እርሱ ከጠፋማ አርብ አርብ በማን ይሳቃል?

ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መለጠፌ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ። እርስዎ ማስጠንቀቂያዬን እዚያው ስለለጠፉልኝ፣ መልሱንም አጠገቡ መለጠፍ ደንብ መስሎኝ ነው። «በሙከራ ላይ ያለችው ረዳት መምህርት ከክፍል ውጭ፣ በደረጃ ሥር፣ የሠልጣኞችን ጥያቄ ስትመልስ ተገኝታለች» ይላል ክሱ። እውነት ነው፤ ተገኝቻለሁ። ስለሆነም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. እንግሊዝኛ ግራ ያጋባው ሰው ጥያቄውን ከነስሙ ጽፎ ሣጥን ውስጥ እንዲከት፣ አርብ ደግሞ እርሱ በአዳራሹ መካከል ቆሞ እርስዎ እንዲያነቡለት ስለደነገጉ እናመሰግናለን። ታክሲ ነጂው «‹ሉክ›ም ‹ሲ›ም ‹ዎች›ም ማየት ከሆኑ፣ እነዚህ ሰዎች ስንት ዓይን ነው ያላቸው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «አንተ ባሉህ ሁለት ዓይኖች መጽሐፉን ብታይባቸው ይበቁህ ነበር» ብለው አሳቁን። መልሱ በሳቁ መሐል የት እንደገባ እስካሁን እየፈለግን ነው። ሰውየውን ግን ዛሬ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ስንት ዓይን» ሆኖ ቀርቷል።

2ኛ. ነርሷን ስላስተማሩልን። ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ስታገላብጥ ውላ የምትመጣው፣ ለከፍተኛ ሥልጠና የእንግሊዝኛ ቃለ መጠይቅ ስለሚጠብቃት ነው። ቦሮውና ሌንድ ተምታቱባት፤ ጠየቀች። በሥሯ የሚሠሩት፣ እዚህም አብረዋት የሚሠለጥኑት ልጆች እያዩ አስቁመው «መበደርና ማበደር ለማይለይ እጅ መርፌ ማን ያምናል?» አሏት። ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ከዚያ በኋላ ሣጥኑ አጠገብ አልደረሰችም።

3ኛ. ሣጥኑ ባዶ ሆኖ በተገኘ ጊዜ፣ በመምህራን ስብሰባ ላይ «ጥያቄ ጠፋ ማለት ሁሉም ገብቶታል ማለት ነው» ብለው ስላበሠሩን። ዝምታ ወርቅ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ የትምህርት ውጤት መሆኑን ግን ከእርስዎ ተማርኩ። ይህንኑ ለነርሷ ባጫውታት «እህቴ፣ እኛም ዘንድ ከታካሚ ክፍል ጩኸት ሲጠፋ ሁልጊዜ ስለዳኑ አይደለም» አለችኝ።

4ኛ. ይህኛው ምስጋና አይደለም፤ ምስጋናዬ አልቋል። ከደረጃው ሥር፣ ከጽዳት ባልዲዎቹ አጠገብ፣ መጀመሪያ የመጣው ስንት ዓይን ነበር፤ ሌሎችም ተከተሉት። ሳታስበው ዓይንህ ውስጥ የገባውን ‹ሲ›፣ ዓይንህን ወደ እርሱ ያዞርክበትን ‹ሉክ›፣ ሲንቀሳቀስ የምትከታተለውን ‹ዎች› በል አልኩት። «እንደሱ በይኛ! የኋላ ተሳፋሪዬን በመስታወት ‹ዎች› አደርጋለሁ፤ ትራፊክ ፖሊሱን ግን ድንገት ‹ሲ› ነው የማደርገው!» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። በማንም ግን አልሳቅንም። ነርሷ በመጀመሪያው ቀን ጃንጥላዋን የምትፈልግ መስላ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች። አሁን ፊቷን አዙራ ትጠይቃለች፤ ስትሳሳትም ራሷ ቀድማ ትስቃለች። ቃለ መጠይቁ ደርሷል። እርስዎ የዘጉት ይህችን አንዲት የቀረቻትን ቦታ ነው።

«ከእንግዲህ አልመልስም» ብዬ ብፈርም ቋሚ እንደምሆን ጸሐፊዎ በደግነት ነግራኛለች። የምረቃ ፎቶዬ ገና ግድግዳ ላይ አልተሰቀለም፤ ቋሚ ሥራ ምን ያህል እንደሚያጓጓኝ እናቴን ቢጠይቁ ይነግሩዎታል። ነገር ግን ያስተማሩኝ እንድመልስ ነው። አልፈርምም። ነገም ከትምህርት በኋላ እዚያው ነኝ፤ ማባረር ካስፈለገ ፍለጋ እንዳይደክሙ ብዬ ነው።

ከታላቅ አክብሮት፣ እርስዎ ለጠያቂዎች ካለዎት አክብሮት ግን እጅግ ከበለጠው ጋር፣

ለጊዜው ረዳት መምህርትዎ

ይድረስ ለእርስዎ ብቻ፣ ሰሌዳው ላይ ሳይለጠፍ፦ ባለፈው ሳምንት ሠልጣኙ ሁሉ ከተበተነ በኋላ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ አንድ ሰው ግራ ቀኙን እያየ ወርዶ «ለአንድ ወዳጄ ነው፤ ለውጭ አገር ጉባኤ ንግግር እያዘጋጀ ነው» ብሎ ‹ከዚህ ጊዜ ጀምሮ›ና ‹ለዚህን ያህል ጊዜ› የሚባሉባቸው ‹ሲንስ›ና ‹ፎር› የቱ የት እንደሚገባ በሹክሹክታ ጠየቀኝ። ያ ድምፅ እንዲያ ዝቅ ማለት እንደሚችል አላውቅም ነበር። ሳልስቅ መለስኩለት፤ አርብም አላስቆመውም። ወዳጁ ሌላ ጥያቄ ካለው ነገ ይምጣ፤ ተራው ግን ከነርሷ በኋላ ነው።