እጅጌው እስኪዞር

ውድ ሽቦ፣

መልእክትህ ደርሶኛል። «ከሁለተኛው ግጥም በኋላ ያለችው ዝምታ ስንት ምት ናት? ከበሮ መቺው ሊይዛት አልቻለም። ከነገርሽኝ ስምሽን ከሚመሰገኑት መሃል አስገባዋለሁ» ትላለህ። ከሚመሰገኑት መሃል! በገዛ ዘፈኔ ላይ! ደሜ ፈላ። ዓይኔን ስጨፍን ግን የአክስቴ ስፌት ክፍል ውስጥ ነበርኩ።

ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ በተሰቀሉት ያላለቁ ቀሚሶች አልፎ ሲገባ፣ ክፍሉ ውሃ ውስጥ የሰጠመ ይመስል ነበር። አንተ ጊታርህን ታቅፈህ ጨርቅ ክምር ላይ፣ እኔ ድምፄ እንዳያስተጋባ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ካፖርቶች መሃል። ከበሮ አልነበረንም። አንዱን ማይክሮፎን ከአክስቴ የስፌት መኪና መርገጫ አጠገብ አስቀመጥን፤ ከበሮአችን እሱ ሆነ።

«እናንተ ልጆች፣ ለቅሶው አልቆ ዘፈኑ የሚጀምረው መቼ ነው?» አለች አክስቴ፣ ስፒል በከንፈሯ እንደያዘች።

«እትዬ፣ ፖስት ፐንክ የሚባለው ሙዚቃ እኮ እንዲህ ጨለም ያለ ነው» አልናት።

«እንግዲያው ሐኪም ይየው።»

ሳቃችን ካሴቱ ላይ ቀርቷል። ካሴቶቹን አንድ በአንድ እያባዛን፣ ሽፋናቸውን ከአሮጌ የልብስ ንድፍ ወረቀት ቆርጠን እየለጠፍን፣ በእጃችን ስናድል «ከእንግዲህ በላያችን ጌታ የለም» አልከኝ። አመንኩህ። ከዚያ ዋናውን ካሴት «ድምፁን ላጽዳው» ብለህ ወሰድክ፤ ግጥሜንም ዜማዬንም በስምህ ለትልቁ ስቱዲዮ አስረከብክ። የስፌት መኪናውን ድምፅ አስጠፍተህ ከበሮ መቺ ቀጠርክ። አሁን ዘፈኑ አልሰምር አላችሁ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ምን ይቀርብኛል? ዝምታዋ ቁጥር የላትም። አክስቴ ያን ቀን ካፖርት ነበር የምትሰፋው። እጅጌው ብብቱ ጋ ሲደርስ መርገጧን ትታ፣ መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተተከለ ካፖርቱን ቀስ አድርጋ ታዞረዋለች። እኔ በቁም ሳጥኑ በር ስንጥቅ እጇን አያለሁ። እስክታዞረው ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ስትረግጥ እዘፍናለሁ። አንተ ጀርባህን ሰጥተህ የተጠላለፈ የማይክሮፎን ገመድ ስትፈታ ነበር። የዘፈኑ ልብ እዚያች ቦታ ላይ ነው፣ አንተ ደግሞ አላየሃትም።

ዛሬ አክስቴ ሌላ ካፖርት ቆርጣለች። የተዋስኩት የድምፅ መቅጃ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ያንኑ ዘፈን በስሜ ልቀዳው ነው።

«ያ ቀጫጫ ጓደኛሽ የት ገባ?» አለችኝ።

«መቁጠር ሊማር ሄደ።»

«በዚህ ዕድሜው? አይ ልጄን!» ብላ መርገጫውን ነካችው። ብርሃኑም በቀሚሶቹ መሃል መጣ።

የመጀመሪያው ካሴት ላንተ ነው፤ ሽፋኑን ራሴ ቆርጬ እልክልሃለሁ። እዚያች ዝምታ ላይ ስትደርስ አትቁጠር፣ ትንፋሽህን ያዝ። ተመልሼ እስክዘፍን ድረስ የምትሰማው እኔን ነው።

ደህና ሁን፣
ካፖርቶቹ መሃል የቆመችው፣ የዘፈኑ ባለቤት