ዘውዴ፣ እኔና ቤዛ ጣራ ላይ ወጥተናል

የልጄ እናት፣ ዘውዴ ሆይ፤

ከተለየሽን ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ደብዳቤ አልጻፍኩልሽም። ብዕር ይዤ የተቀመጥኩባቸው ቀናት ነበሩ፤ የምነግርሽ ሁሉ ኀዘን ብቻ እየሆነብኝ ተውኩት። አንቺ ደግሞ ፊቱን አጨልሞ የሚመጣ ሰው አትወጂም ነበር። አሁን ግን የምሥራች አለኝ፤ ስለዚህ ጻፍኩ።

ያው ሐርጌሳ ነን፤ ያው ኮድቡር ሰፈር፣ ያችው ሁለት ክፍል ቤት። በሩን አረንጓዴ ቀብቼዋለሁ። ሰማያዊ ይሁን ስትዪኝ ኖረሽ አረንጓዴ ማድረጌ ለድፍረት አይደለም፤ ከሥራ የተረፈኝ ቀለም እሱ ብቻ ስለነበረ ነው። ቤዛ አሥራ አራት ዓመቷን ይዛለች። ቁመቷ ትከሻዬን አልፏል። ሶማልኛውን እንደ ተወላጆቹ ታንበለብለዋለች፤ እኔ ግን ዛሬም ባጃጅ ውስጥ መውረጃዬን ስናገር ሾፌሮቹ ይስቁብኛል።

አልዋሽሽም፣ መጀመሪያ ላይ ከፍቶን ነበር። ቤዛ ዝም አለች። ከአፏ የሚወጣው «እሺ» እና «አይ» ብቻ ሆነ። እኔ ሲሚንቶ ለብሼ እመጣለሁ፣ እንበላለን፣ እሷ ስልኳ ላይ ታቀረቅራለች፣ እኔ ግድግዳ አያለሁ። እኅትሽ ወይንሸት ከደሴ እየደወለች «ሴት ልጅ ያለ እናት በሰው አገር እንዴት ታድጋለች? ላካት እኔ ጋ» ትለኝ ጀመር። ሦስት ጊዜ እንቢ አልኩ። በአራተኛው ደከመኝና «እሺ፣ ለፋሲካ» አልኩ። ለቤዛ ግን አልነገርኳትም።

ነገሩ የተለወጠው ከጥምቀት በኋላ በቤት ሥራ ምክንያት ነው። የሳይንስ አስተማሪዋ «አንድ ወር ሙሉ ጨረቃን በየቀኑ እያያችሁ ሣሉ» ብሎ አዘዛቸው። ጣራ ላይ ብቻዋን እንድትወጣ አልፈቅድም፤ ስለዚህ ፀሐይ እንደጠለቀች ልብስ ታሰጪበት ወደነበረው ጣራ አብሬያት መውጣት ጀመርኩ። እሷ ትሥላለች፣ እኔ አዛጋለሁ፣ እንወርዳለን። ሦስት ቀን እንዲህ አለፈ።

በዚያው ሰሞን የአንድ ጡረተኛ አስተማሪ ቤት እየቀባሁ ነበር። መዓሊን ኢስማኢል ይባላሉ፤ መዓሊን እዚህ አስተማሪ ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። በስደት ዘመናቸው ጅግጅጋ የተማሩትን አማርኛ ከእኔ ጋር ማውራት ይወዳሉ። ስለ ቤት ሥራው ሳጫውታቸው ተነሥተው ጓዳ ገቡና አቧራ የለበሰ ባይኖክላር ይዘው ወጡ። ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ፣ ለሁለት ዓይን የተሠራ መነጽር ነው። ማንጠልጠያው ተበጥሶ በሲባጎ ታስሯል።

«ከእኔ ጋር ሲያረጅ ምን ይጠቅማል? ልጅህ ትይበት» አሉኝ። «ቴሌስኮፕ እገዛለሁ ብለህ ደግሞ እንዳትቸኩል። መጀመሪያ ሰማዩን በዓይናችሁ ልመዱት። ጨለማ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ያህል ቁጭ በሉ፤ ዓይን ቀስ ብሎ ነው የሚከፈተው። ስልክ አትንኩ። መብራት የግድ ካስፈለገ ቀይ ይሁን። ስታዩ ክርናችሁን አንድ ነገር ላይ አስደግፉ፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ግን በዚህ ወደ እሷ እንዳታዩ፤ ዓይን ያጠፋል።»

ቤዛ ባትሪውን በቀይ ፌስታል ጠቀለለችው። ያን ቀን ጨረቃ ግማሽ ነበረች። ልጅሽ መነጽሩን ዓይኗ ላይ አደረገችና ትንፋሿን ዋጠች።

«አባዬ! ጉድጓድ ጉድጓድ ነው እኮ! ጠርዙ ላይ ተራራ አለ፣ ጥላው ሁሉ ይታያል! ና እይ፣ ና እይ!»

ዘውዴ፣ በስንት ወር የሰማሁት ረጅሙ ንግግሯ ነው። እኔ ጨረቃዋን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ፊቷን ነበር።

ከሳምንት በኋላ ጨረቃዋ ሞላች። ቤዛ ጓጉታ ወጣችና ወዲያው አኮረፈች። «ሙሉ ስትሆን የበለጠ ይታያል ብዬ ነበር። ምንም የለም፤ ዝም ብሎ ነጭ ነው» አለች። እኔ ሳቅሁ። ለምን እንደሆነ አውቄዋለሁ! ቤት ይዣት ወረድኩና ባትሪውን የሳሎኑ ግድግዳ ላይ ከፊት ለፊት አበራሁበት፤ ልስኑ እንደ ወረቀት ለስልሶ ታየ። ከዚያ ባትሪውን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ከጎን አበራሁ። እያንዳንዱ እብጠት፣ እያንዳንዱ ስርጉድ ጥላ ጥሎ ብቅ አለ። «ግማሽ ስትሆን ፀሐይ ከጎን ነው የምታበራት። ስትሞላ ከፊት ለፊት ነው። ልስን የሚፈተሸው ከጎን እያበሩ ነው» አልኳት። ሥራዬ ባልተስተካከለበት ቀን አሠሪው ከፊት ለፊት እንዲያበራ እንደማደርግም ነገርኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች።

በማግስቱ ይህንኑ ክፍል ውስጥ አስረዳች። አስተማሪዋ «ማን ነገረሽ?» ሲላት «አባቴ። ለሳኝ ነው» አለች። ከዚያ በፊት ጓደኞቿ የአባትሽ ሥራ ምንድን ነው ሲሏት «ቢዝነስ» እንደምትል ሰምቼ እንዳልሰማሁ አልፌ ነበር። ይህን ስትነግረኝ ወጥ እያማሰልኩ ነበር፤ ሽንኩርቱን አመካኝቼ ዓይኔን ጠረግሁ።

ከዚያ በኋላ ጨረቃ ብቻ አልበቃን አለ። ጨረቃዋ ስትጎድል፣ ጧት ቤዛ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት እንሥላታለን፣ ምሽቱን ደግሞ ለከዋክብት እንሰጣለን። የሚርገበገበው ኮከብ፣ እምብዛም ሳይርገበገብ ረግቶ የሚያበራው ፕላኔት መሆኑን ተማርኩ። ጁፒተርን በመነጽሩ ስናየው አጠገቡ በአንድ መስመር የተሰለፉ ደቃቅ ነጥቦች አሉ፤ ጨረቃዎቹ ናቸው አሉኝ መዓሊን ኢስማኢል። በማግስቱ ስናይ ቦታ ተለዋውጠው አገኘናቸው። አንድ ቀን ሰሜን ኮከብን ፍለጋ አንገታችን እስኪቆለመም አንጋጠጥን። ለካ እሱ ከዚህ ሲታይ ዝቅ ብሎ አድማሱ አጠገብ ነው፤ እኛ አናታችን ላይ ስንፈልገው አመሸን።

ወደዚህ ስንመጣ የድንበሩን ከተማ ቶጎ ውጫሌን አልፈን የጭነት መኪናው የተበላሸብን ጊዜ ትዝ ይልሻል? ሸራው ላይ በጀርባሽ ተኝተሽ «ተስፋዬ፣ እይ እስኪ፣ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?» አልሽኝ። እኔ የጎማውንና የሾፌሩን ነገር እያሰብኩ «ተኚ» አልኩሽ። ቀና ብል ኖሮ ምን ነበረበት! ያን ለቤዛ ነገርኳት። «እማዬ ታዲያ ተኛች?» አለችኝ። አልተኛሽም፤ እስኪነጋ ቆጠርሽ።

ታዲያ ደስታችን ጠብ ሊያስነሣ ምንም አልቀረው። አንድ ከሰዓት በኋላ አከራያችን መጣና አንገቱን ደፍቶ «ጎረቤት ቅር ብሏቸዋል» አለኝ። ለካ ከጎናችን ያለችው ሐሊማ አንድ ሀበሻ ጣራ ላይ ወጥቶ በመነጽር ሲያይ ተመልክታለች። በግቢዋ እሷና እኅቶቿ ሻሻቸውን አውርደው ይቀመጣሉ። እኔ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አለማየቴን እሷ በምን ታውቃለች? ከሰፈር ብንባረር የት እንሄዳለን? መነጽሩን ለመዓሊን ኢስማኢል ልመልስ ብዬ መጠቅለያ ጨርቅ ፈለግሁ።

ቤዛ ግን ከእጄ ነጠቀችኝ። «ቆይ አባዬ» አለችና ሮጣ የሐሊማን በር አንኳኳች። እኔ በራችን ላይ ቆሜ እሰማለሁ። «እታባ፣ አባቴ የሚያየው ሰማይ ነው። ካላመንሽ ዛሬ ነይና እይ» አለቻት በሶማልኛ። ሐሊማ መጀመሪያ ተቆጣች። ኋላ የልጅቷ ድፍረት አሳቃት መሰለኝ፣ እሺ አለች።

ያን ምሽት ሰፈሩ ሁሉ አዬዮ፣ አያቴ፣ የሚላቸውን አሮጊት እናቷን ፋዱማን ደግፋ መጣች። እኔ ለወጉ ብዬ ወርጄ ደረጃው ሥር ቆምኩ። አዬዮ ፋዱማ ግመል ሲጠብቁ ያደጉ ናቸው። በምዕራብ በኩል የምታበራውን ቬኑስን ገና ሲያዩ በስሟ ጠሯት፤ ትርጉሙ ግልገል ማሰሪያ ማለት ነው አለችኝ ቤዛ በኋላ። ቬኑስ ብቅ ስትል ነው ግልገሎቹን ከእናቶቻቸው ለይተው የሚያስሩት። እኛ ሰባቱ ከዋክብት የምንላቸውን ደግሞ ኡሩር ይሏቸዋል። «መነጽር ምን ያደርግልኛል፣ እኔ በዓይኔ ነው የማውቃቸው» ሲሉ ሰማሁ። በልመና አንዴ አዩበት። ከዚያ ድምፃቸው ታች ድረስ መጣ፦

«ሱብሐነላህ! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስድስት ነው የቆጠርኩት! ይሄ ሁሉ የት ተደብቆ ነበር?»

ወርደው ሲሄዱ ሐሊማ ወደ እኔ ዞር ብላ «የቤዛ አባት፣ እኔ ክፉ አስቤብህ ነበር» አለች። እኔም «እኔ ብሆን አስብ ነበር» አልኳት። በማግስቱ ከአከራዩ ብሎኬት ለምኜ በእሷ ግቢ በኩል አንገት የሚደርስ ከለላ ግድግዳ ሠራሁ። ለእሷ ክብር፣ ለእኛ ደግሞ የመንገዱን መብራት ጋረደልን፤ ከዋክብቱ እጥፍ ሆኑ። በደንብ ለስኜዋለሁ፣ ከጎንም ቢያበሩበት አያሳፍርም።

ረመዳን ሊገባ የተጠበቀ ዕለት ደግሞ ሰፈሩ አዲሷን ጨረቃ ፍለጋ ወደ እኛ ጣራ ጎረፈ። እኛም ዐቢይ ጾም ይዘን ነበር። ፀሐይ ጠለቀች፤ ሁሉም ወደ ምዕራብ አፈጠጠ። ቤዛ በመነጽሩ አድማሱን ስታስስ ቆይታ «እዚያ! ከዚያ ምሰሶ በላይ!» ብላ ጮኸች። እንደ ጥፍር ቁራጭ የቀጠነች ነበረች። ሰው ሁሉ እልል አለ፣ ልጆች አጨበጨቡ።

በዚያ ግርግር መሐል ስልኬ ጮኸ፤ ቤዛ አነሣችው። ወይንሸት ነበረች። የቤዛ ደስታ ከፊቷ ላይ ሲጠፋ አየሁ። እንግዶቹ ሲሄዱ ጠየቀችኝ።

«ለፋሲካ ደሴ ልትልከኝ ነው?»

«እናት የለሽም፤ እኔ የሚበጅሽን አላውቅም ብዬ ነው» አልኳት።

«እኔ ከሄድኩ አንተን ማን ያናግርሃል?»

እንባዬ ቀደመኝ። እኔ ለእሷ ስጨነቅ፣ ለካ እሷ የምትጨነቀው ለእኔ ነበር! «መሄድ ትፈልጊያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት፤ ይህን አስቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ። «ለክረምት ጥየቃ እሄዳለሁ። ቤቴ ግን እዚህ ነው» አለች። ያኔውኑ ለወይንሸት ደወልኩ። አለቀሰች፣ ሰደበችኝ፣ በኋላም «እንግዲያው ለፋሲካ እኔው እመጣለሁ» አለች። መጣችም። ጣራ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንባ «አንገቴን ገደላችሁኝ» እያለች ከሁላችን በላይ አመሸች።

ዘውዴ፣ ሰው ሲሞት ኮከብ ይሆናል የሚሉ አሉ። ቤዛም በቀደም «አንዱን የእማዬ እንበለው?» አለችኝ። ብዙ አሰብኩና አይሆንም አልኳት። አንቺ ሩቅ ሆኖ የሚታይ ሰው አልነበርሽም። ሲሚንቶ የሰነጠቀውን እጄን ቫዝሊን የምትቀቢ፣ ዜማ እየሳትሽ የምታንጎራጉሪ፣ ተቆጥተሽ ሁለት ደቂቃ የማትቆዪ ሰው ነበርሽ። ስለዚህ ኮከብ አልሰየምንልሽም። ይልቅ ጣራ በወጣን ቁጥር፣ አንዳችን ስለ አንቺ ሌላው የማያውቀውን አንድ ነገር ሊናገር ተስማማን።

ትናንት የቤዛ ተራ ነበር። ሰባት ዓመቷ ሳለ፣ እኔ ሥራ ስሄድ፣ ማፏጨት ታስተምሪያት እንደነበር ነገረችኝ። «ለአባትሽ እንዳትነግሪ፣ ሴት ልጅ አታፏጭም ይላል» ብለሻታል። እውነት ነው፣ እል ነበር። ከዚያ ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ አንዴ ብታፏጭ የሰፈሩ ውሾች ሁሉ ጮኹ። አሥራ ስድስት ዓመት አብሬሽ ኖሬ፣ ማፏጨት መቻልሽን ትናንት አወቅሁ!

ገና ያላወቅሁት ስንት አለሽ? ሰማዩ በደመና በተሸፈነ ቀን እንኳ እንወጣለን፤ ስለ አንቺ ለመናገር የጠራ ሰማይ አያስፈልግም። እኔ የማውቀውን ለእሷ፣ እሷ የምታውቀውን ለእኔ እየሰጠን እናኖርሻለን። ዛሬ ተራው የእኔ ነው። የምነግራትን መርጫለሁ፤ አሁን ልሂድ፣ ደረጃው ላይ ቆማ እየጠራችኝ ነው፤ በፉጨት።

ባልሽ ተስፋዬ