ሁለተኛውን ገጽ ገልጣ ስላነበበችው ተማሪ

ለክቡር አቶ ደጀን
የወንዝ ማዶ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር
መርሳ ዙሪያ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ጤና እመኛለሁ፤ አተት ቤት ለቤት በሚዞርበት በዚህ ወር የጤና ምኞት ለወግ ያህል ብቻ የሚጻፍ እንዳልሆነ እርስዎም ይረዱልኛል።

እኔ ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ላለፉት ሁለት ወራት ደግሞ በእርስዎ መልካም ፈቃድ ቅዳሜ ቅዳሜ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ በሽታው ከሚወራው እውነቱን ከሐሰቱ እንዲለዩ ሳስተምር የቆየሁ ሙሄዲን ነኝ። ትምህርቱ ባለፈው ማክሰኞ በትእዛዝዎ ስለተቋረጠና ተማሪ አሲያም ከክፍል ስለታገደች ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ወሬውን ለማስተባበል ስለደከሙት ድካም አመሰግናለሁ። በስልክ የሚዞረው መልእክት የውሃ ማከሚያው ክኒን ሴት ያመክናል፣ ሐራ ከተማ ላይም አንዲት ሙሽራ መክናለች ይል ነበር። ተማሪዎቼ ማን አየ፣ መቼ አየ፣ አንተስ ከማን ሰማህ የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች ይዘው ሐራ ላሉ ዘመዶቻቸው ደወሉ፤ የሐራ ሰዎችም ሙሽራዋ የመርሳ ልጅ እንደሆነች በእርግጠኝነት ነገሯቸው። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ “ባለቤት የሌለው ወሬ” ብለው ጽፈው አለፉ። እርስዎ ግን በዚህ ሳይረኩ ባለ ሁለት ገጽ ማስታወቂያ አዘጋጁ፤ በመጀመሪያው ገጽ ወሬውን አንድም ቃል ሳያጓድሉ በደማቅ ፊደል አሰፈሩት፣ በሁለተኛው ገጽ ሐሰት መሆኑን ከጤና ባለሙያ ማብራሪያ ጋር ገለጹ፣ በሁለቱም ግርጌ ክብ ማኅተም አሳረፉ፤ ከዚያም ሁለቱን በስቴፕለር አያይዘው፣ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ሥር ደብቀው፣ የግቢው በር ላይ ለጠፉት።

ሁለተኛ፣ ስለ ማኅተሙ ልዩ ምስጋና ይገባዎታል። በገበያው ዕለት አላፊ አግዳሚው የሚታየውን ገጽ በስልኩ አንስቶ ሲልክ ዋለ። ወሬው ለሳምንታት አጥቶት የኖረውን ማስረጃ እርስዎ በአንድ ጠዋት ሰጡት። ቦኖው ጋ ውሃ ለመቅዳት የተሰለፉ ሰዎች ክኒኑን መሬት ላይ ሲደፉ በዓይኔ አይቻለሁ። ጎረቤቴን ወይዘሮ ብዙነሽን ተዉ እንጂ ብላቸው፣ “ጋሽ ሙሄዲን፣ እርስዎ ማኅተም አለዎት?” አሉኝ። የለኝም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሳስተምር አንድም ቀን አስፈልጎኝ አያውቅም ነበር።

ሦስተኛ፣ በአሲያ ላይ ስለወሰዱት ፈጣን እርምጃ። ያ ሁሉ ሰው ባነበበው ወረቀት ግርጌ “ገጽ 1 ከ 2” የሚል ጽሑፍ እንዳለ ያስተዋለችው እሷ ብቻ ናት። “ቲቸር፣ ታዲያ ሁለተኛው የት ሄደ?” ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም እንደ ልማዴ ሄደሽ እዪ አልኳት። ሄደች፣ ወረቀቱን ገለጠች፣ ሁለቱንም ገጾች አንስታ “እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት” ከሚል ቃል ጋር ለወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላከች። ወይዘሮ ብዙነሽ በማግስቱ መጥተው፣ ዓይኔን ሳያዩ፣ ከእኔ ክኒን ወስደዋል። እርስዎም ልጅቷን “የመሥሪያ ቤት ሰነድ በመነካካትና ማኅተም ያረፈበትን ማስታወቂያ በመጠራጠር” ጥፋተኛ ብለው፣ ወላጅ እስክታመጣና የይቅርታ ደብዳቤ እስክትጽፍ ድረስ ክፍል እንዳትገባ አዘዙ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ጓደኞቿ ክለሳ ላይ ናቸው፤ እሷ ግን በእናቷ በወይዘሮ ሲቲ ደጅ ተቀምጣ ሽንኩርት ትለቅማለች።

የይቅርታውን ደብዳቤ በተመለከተ አብረን ሞክረናል። ቀኑን፣ አድራሻውንና “ጉዳዩ” የሚለውን በሚገባ ጽፈናል። የይቅርታ ደብዳቤ ግን ጥፋቱን በግልጽ ማስፈር ስላለበት እዚያው ላይ ቆመናል፤ ጥፋቷን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈው ቢልኩልን ፊደሉንም ነጥቡንም አስተካክዬ አስጽፋታለሁ። ካልተገኘ ግን እግዱ ሰኞ ይነሣላት ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። የእኔ ቅዳሜ ይቅር፤ የእሷ ፈተና ግን ለአንድ ዓመት አይመለስም።

በአንድ ገጽ የሚያልቅ መልስዎን በደስታ የምጠብቅ፣
አክባሪዎ
ሙሄዲን፣ ጡረተኛ መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወይዘሮ ሲቲ ሰኞ ጠዋት ይመጣሉ፤ እኔም አብሬ እመጣለሁ። እርስዎ ሰባተኛ ክፍል የእኔ ተማሪ ሳሉ ሰሌዳ ላይ የሠራሁት ሒሳብ ተሳስቷል ብለው እጅዎን ሲያወጡ፣ ተቆጥቼ ወላጅ አምጣ ብዬ እንደመለስኩዎ ያስታውሱ ይሆናል። አባትዎ እርሻቸውን ትተው መጡ። ማታውን ሒሳቡን ደግሜ ሠራሁት፤ በማግስቱም በአርባ ሦስት ተማሪ ፊት “ደጀን ልክ ነው፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ” አልኩ። ከአንድ ደቂቃ በላይ አልፈጀም፤ ሰኞም ከሰልፍ በኋላ ያለው ጊዜ ይበቃል። ያኔ ክፍሉ ሁሉ ሲያጨበጭብልኝ እርስዎ ተቀይመውኝ ስለነበር አላጨበጨቡም። አሲያን ግን ጠይቄያት ነበር፤ ታጨበጭብልዎታለች።